ለግራው የተቀመጥነው ለቅሶ

የምንይችል ውጤት ከደረሰ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። የደረሰውም ሩቅ አይደለም፤ እኛው ቤት፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው በየማለዳው፣ ገና ፊታችንን ሳንታጠብ፣ በዚያ ቅቤ በተቀባው ድምፁ ይናገራል፦ «ውጤቱ ደርሷል። ቤቱ ሲረጋጋ ይገለጣል።» ከዚያ ገጹን ያሳየናል። ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ ከታች «ደረጃ» የሚል ቃል አለ፣ ከቃሉ ጎን ባዶ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የትኛው ቃል ምን እንደሚል በጣቷ ያሳየችኝ ልጄ ናት። ባዶውን ግን ማንም ሳያሳየኝ ለየሁት። ስምንት ቀን ሙሉ ያፈጠጥኩት እሱ ላይ ነው።

ቤቱ አልረጋ አለ።

ቤቱ ማለት አራት ሰው ነን። እኔ አንጓች፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ፣ ቡሬ ገበያ አርባ ዓመት በርበሬ የሸጥኩ። ልጄ ባንቺአምላክ አስተማሪ ናት፤ ቤት ውስጥም አስተማሪ ናት። የሷ ልጅ ምንይችል ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በርበሬ የሚለቅሙትን ማሽኖች ይጠግናል። ሚስቱ ትንግርት ትባላለች፤ ባለፈው ጥር ነው ያገባት። የአራታችንም አምባር ከእጃችን አይወልቅም። አምባሩ ሁከታችንን እየለካ ለሰሌዳው ያቀብላል፣ ሰሌዳው የአራታችንን ደምሮ ለአራት ያካፍላል። የቤቱ ቁጥር ስልሳ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቆየ ገጹ ይከፈታል። ቁጥር ላይ ማንም አያታልለኝም፤ ሚዛን ሳነብ ነው ያረጀሁት። የኛ ቤት ከሰባ አምስት ወርዶ አያውቅም ነበር።

የዚህን ደንብ ሐሳብ መንግሥት የወሰደው ከእኛው መርዶ ነው። ድሮ ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጡና፣ ሰውየው ተኝቶ ማደሩን፣ እህል መቅመሱን አይተው፣ ቀስ ብለው ይነግሩታል። ኋላ አንድ ሰው የሆስፒታል ውጤቱን ብቻውን ሲያይ ባለበት ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ወጣ ይላሉ። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ድንገተኛ ሞት በግማሽ ቀነሰ እየተባለ በየዓመቱ ይነገራል። ሲጠብቅ የሞተውን ማን እንደቆጠረው ግን አልሰማሁም።

ነገሩ የጀመረው ከምንይችል አካሄድ ነው። ልጁ ደረጃ ሲወጣ አየሁትና፣ ምን ሆነህ ነው እንደ ተቀጠቀጠ ወይፈን የምትራመደው አልኩት። ፊቱ ቀላ። እናቱ እንዲህ አይባልም ብላ ተቆጣችኝ። እኔ በሬ የሚያድርበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ቆለጥን ቆለጥ ከማለት ሌላ ስም አላውቅለትም። በማግስቱ ለሚስቱ ነገራት፦ ግራው ላይ እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር አለ፣ አራት ወር ሆኖታል፣ አፍሮ ነው ዝም ያለው። ሐኪም ቤት ሄዱ፣ ካንሰር ነው ተባለ፣ በሳምንቱ ግራውን አወጡለት።

የቀረው የት ድረስ እንደሄደ ማወቅ ነበር። በቦታው ቀርቶ ከሆነ ደረጃ አንድ ነው፤ እየተመላለሱ መታየት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለም። ወደ ሆድ ዘልቆ ከሆነ ሁለት፣ ሳንባ ደርሶ ከሆነ ሦስት። ሁለትም ሆነ ሦስት፣ መድኃኒቱ ከቀዶ ጥገናው በሃያ አንድ ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ሰው ደረጃውን ሳያውቅ ደግሞ መድኃኒቱን አይጀምሩለትም። ይኸም ደንብ ነው።

ሐኪሟን ሄደን ለመንናት። ሐኪሞች አሁን ፊታቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ነው የሚያነጋግሩ፤ ሰው ውጤቱን ከፊታቸው እያነበበ አስቸገረ ተብሎ ነው። ድምፃቸውንም ማሽን ያለሰልሰዋል። ቤታችሁ ሲረጋጋ ታዩታላችሁ አለችን። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አየሁት። ከጫማ የሚገኝ ወሬ የለም።

እኔ እንኳ ከመጀመሪያውም አልፈራሁም። ጓጓሁ እንጂ። አንድ እንደሚሆን ሆዴ ነግሮኛል፤ በአንድ ቆለጥ ሰባት ጥጃ ያስወለደ ኮርማ ባይኔ አይቻለሁ። ማለዳ ስነሣ ልቤ የበዓል ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ይዘላል፣ ዛሬ ነው፣ ዛሬ ይከፈታል እላለሁ። የቤቱ ሰዎች ናቸው እንጂ ፈሪዎቹ።

ውጤት የሚጠብቅ ቤት በራፍ ላይ ግራጫ መብራት ይበራል። መብራቱ ካለ መኪና በደጃችሁ ሲያልፍ ድምፁን ያጠፋል፣ የቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በእናንተ በኩል ያለው ብቻ ዝም ይላል። አምባሩ ከሰማንያ በላይ የሚያሳይ ጎረቤት የግቢውን በር አያልፍም። ጎረቤቴ እትዬ ሶልያና ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ከኔ አሥራ ሁለት ዓመት ታንሳለች፣ በሷ ጊዜ የወጣ ስም ሁሉ የብስኩት ስም ነው፤ ሰው ግን ናት። ከብረቱ ማዶ ቆማ በእጇ እንዴት ናችሁ ትለኛለች፣ እኔም በእጄ እመልሳለሁ፣ እንደ ዲዳ። ሱቅ ሄጄ ሚጥሚጣ ብል፣ ለርስዎ ዛሬ አይፈቀድም አለኝ ማሽኑ። የቡሬን ሴት ሚጥሚጣ የሚከለክል ዘመን ላይ ደረስኩ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም በሹክሹክታ ሆነ። ሰሌዳው የዝናብ ድምፅ ይለቅብናል፣ በደረቁ መጋቢት። ባንቺአምላክ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አየር ትስባለች፣ አየር ትተፋለች። ትንግርት የታጠበውን ልብስ መልሳ ታጥባለች። ምንይችል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ራሱን እንደሚላጭ ሰው ሳይነቃነቅ ይውላል። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና። እንዴት ነሽ ሲሏት ደህና። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው እርስ በርስ ፈገግ ይባባላሉ። የሚያወጡት እንባ የለም፣ የሚያነሱት ነገር የለም፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘግቶታል። እኔ ብቻ ነኝ የምናገረው። የማን ልብ ነው ይኼን ልጅ የያዘብኝ እያልኩ ከጓዳ እስከ ሳሎን እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ባንቺአምላክን፣ አንድ ቀን ትንግርትን እወጋለሁ። ትንግርትን፣ ወንድ አልቆ ሊቀርብሽ መስሎሽ ነው እንዴ እስከማለት ደርሻለሁ። አልመለሰችልኝም።

ከቀዶ ጥገናው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ማለዳ መለሰችልኝ። ቁርስ ላይ ነን። ብድግ አለችና ለሰሌዳው፣ የእያንዳንዳችንን ለየብቻ አሳየን አለችው። እንዲህ መጠየቅ እንደሚቻል እኔ አላውቅም ነበር፤ እነሱ ሳያውቁ አልቀሩም፣ አክብረውኝ ነው የተዉት።

አራት ቁጥር ወጣ። የትንግርት ስልሳ አራት። የባንቺአምላክ ስልሳ አንድ። የምንይችል ሃምሳ ስምንት። አራተኛው ቀይ ነው፣ ይርገበገባል፣ መቶ ሃያ አንድ። እጄን ገልብጬ አምባሬን አየሁት። መቶ ሃያ አንድ።

ይኼ ዕቃ የጓጓና የፈራ አይለይም አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም፤ የከፋኝም እሱ ነው።

«እማዬ» አለች ባንቺአምላክ፣ በዚያ በሹክሹክታዋ። «አንቺ ነሽ የያዝሽበት።»

ከዚያ አስተማሪነቷ መጣ። እኔን ከቤቱ መዝገብ ብታወጣኝ የቀሩት የሦስቱ ስልሳ አንድ ይሆናል፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ናት የምትቀረው። ጅጋ ያለችው እህቴ ዘንድ ጥቂት ቀን ብቆይ ምን አለበት፣ ዛሬ ከተመዘገበ እስከ ነገ ቀትር ይጸድቃል፣ ሦስት ቀን ነው የቀረን። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም በሒሳብ አልጣላም። ገብቼ ሁለት ቀሚሴን፣ ነጠላዬን፣ የወገብ መድኃኒቴን በዘንቢል አደረግኩ። ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አስገብቼ ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ከችኮላ ነው አልኩ ለራሴ።

ስወጣ ምንይችል በሩ ላይ ቆሟል።

«እምዬ የትም አትሄድም» አለ። «የኔ ሃምሳ ስምንት ውሸት ነው። ተረጋግቼ አይደለም፤ ደንዝዤ ነው። ግራው ከወጣ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም። ሆዴ ውስጥ ሰው የለም።»

እናቱ አየር መሳቡን ተወችው። እኔ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ አልኩ። አንድ አካል ከልጁ ላይ ተቆርጦ የሆስፒታል እሳት ውስጥ ገባ፣ አንድ ሰው እንኳ ወይኔ አላለለትም። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ዝናቡን ልቀቁት። በኛ አገር የታረሰበት በሬ ሲሞት እንኳ ባለቤቱ ደጅ ይቀመጣል፣ ጎረቤት መጥቶ እግዜር ይተካልህ ይለዋል። ላልተለቀሰለት ነገር ማን ይረጋጋል?

ዘንቢሌን አስቀመጥኩና ለቅሶ እንቀመጣለን አልኳቸው።

ባንቺአምላክ ደነገጠች። በቁም ሰው ላይ ለቅሶ ሟርት ነው፣ እንኳን አንቺ ያልተማረ ሰውም አያደርገው አለችኝ። ያልተማርኩትማ እኔ ነኝ አልኳት። ደግሞ ለሱ አይደለም የምናለቅሰው፣ ለሞተው ነው። ትንግርት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

መንግሥት ሁሉን ነገር ሲደነግግ ለቅሶን አልደፈረም። ለቅሶ ከተመዘገበ የግቢው በር ለማንም ይከፈታል፣ የእንግዳ አምባር አይቆጠርም፣ ዝናቡም ይጠፋል። ወደ ግቢው በር ሄድኩና ለቅሶ አለብን አልኩት። የበሩ ድምፅ ወዲያው መጣ፣ በአክብሮት።

«የሟች ስም?»

«ግራ።»

«የአባት ስም?»

«ምንይችል።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ ስምንት።»

የሟችና የአባትየው ዕድሜ እኩል መሆኑን ነገረኝ፤ አብረው ነው የተወለዱት አልኩት። ሟቹ በመዝገብ አልተገኘም አለ፤ ጓዳ ውስጥ ነው የኖረው፣ ማንም መዝግቦት አያውቅም አልኩት። ከኋላዬ ምንይችል እንደ ማሳል አደረገው። ድምፁ ቀጥሎ፣ የቅርብ ቤተሰብ ጥሎ አልፏል ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ መንታ ወንድም አልኩት። ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን፣ በሩ ለሦስት ሰዓት ክፍት ነው፣ ለጎረቤትም ይነገራል አለኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጀመሪያ የገባችው ሶልያና ናት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ወይኔ ምንይችል እያለች። ሳሎን ገብታ ምንይችልን ተቀምጦ ስታየው ጮኸች። ላዩ ላይ ወድቃ ፊቱን በሁለት እጇ ትዳብሰው ጀመር። በኋላዋ ሃያ ሰው ያህል ገባ። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ይርሳው ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ሁሉም ልጁን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቅ ድፍረት ጠፋ። እኔ መሐል ቆሜ ነገርኳቸው። የሞተው የልጅ ልጄ የግራ ቆለጥ ነው፣ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው፣ ሳይለቀስለት ቀርቷል፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አንድ ጎረምሳ ሊወጣ ሲል ጋሼ ይርሳው በከዘራቸው በሩን ዘጉበት።

ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሙሾ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና አወጣሁ፦

ሁለት ሆነው ሄዱ ከሐኪሙ ቤት ደጅ፣
አንዱ ብቻ መጣ፣ ወንድም የሌለው ልጅ።

ሶልያና መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ሴቶቹ ተከተሏት፣ ከነጠላቸው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅኩም፤ ሙሾ አውጪ አይስቅም። ቀጠልኩ፦

ድምፁ ሳይሰማ ከከረጢት ኖሮ፣
ስሙ ተጠራለት ዛሬ ተቀብሮ።

ሳቁ የት ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ መናገር አልችልም። ብቻ ጋሼ ይርሳው ብድግ አሉ። ሰማንያ የተጠጉ ሰው ናቸው፣ ሃያ ዓመት ዕድሩን ሲመሩ ስለራሳቸው አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

«የኔም ቀኙ ወጥቷል» አሉ። «ዘጠኝ ዓመቱ። ከሟች ባለቤቴ በቀር ያወቀ የለም። እሷም ስታለቅስልኝ አላየሁም፣ ደብቃ ነበር።»

ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ምንይችል የተሰበረው። እንደ ሕፃን፣ ፊቱን ሳይሸፍን፣ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። እፈራለሁ ይላል፣ ሳንባዬ ይመስለኛል፣ ሳስነጥስ ሳንባዬ ይመስለኛል ይላል። ትንግርት ጉልበቱን አቅፋ፣ እኔም ይመስለኛል፣ እኔም ይመስለኛል ትለዋለች። ባንቺአምላክ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ይዛ ያለችውን እኔ አልደግመውም፣ የሷ ነው።

እኔስ? እኔ ጓጓሁ ባይዋ ሴትዮ ልጁን የት እንደምቀብረው መርጬ ነበር። እውነቱ ይኼ ነው። ከሟች አባቱ ጎን፣ ከጽዱ ሥር፤ ድንጋዩን ሳይቀር አስቤዋለሁ። ጓጉቻለሁም፣ ፈርቻለሁም፣ ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ናቸው። ይኼን ሃያ ሰው ፊት ተናገርኩት። ምንይችል ዓይኑን ጠራርጎ አየኝና፣ ጽዱ ሥርማ ጉንዳን አለ እምዬ አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሶልያና ንፍሮ ቀቅላ ነበር፤ በላን። ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ሊዘጋ ሲል ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናችሁ እያለ ወጣ። ምንይችልን እየሳሙት ነው የወጡት።

ከዚያ ቤቱን እንቅልፍ ጣለው። ምንይችል ምንጣፉ ላይ፣ ራሱ የትንግርት ጭን ላይ፤ ትንግርት ግድግዳውን ተደግፋ፤ ባንቺአምላክ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። ለአሥራ ስምንት ቀን የተኛ ሰው አልነበረም። እኔ እንቅልፍ አልያዘኝም፤ ሰፌድ ይዤ በርበሬ መቀንጠስ ጀመርኩ። አንገቷን ስብር፣ ወዲያ ጣል። የቤቱ ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይታያል። ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሁለት። የኔም ሰባ ገባ፤ አምባሩ ከተጫነብኝ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አይቼው አላውቅም። ከመስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ይገባል። እኔ ወደ ሰሌዳው ላለማየት በርበሬዬን አያለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዓይኔ ሄደ። ገጹ ተከፍቷል። ደወል የለው፣ ድምፅ የለው። ብዙ ጽሑፍ ሞልቶበታል፣ እሱን አላውቀውም። እኔ የማውቀው ባዶውን ነው። ባዶው ሞልቷል። ከዚያች ቃል ጎን፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ቁጥር ቆሟል። ሁለት ወገቧ ይጎብጣል። ሦስት ሁለት ሆድ አላት። ይኼ ወገብም ሆድም የለውም።

1።

ልቤ ተነሣ። አምባሬ እጄ ላይ ይነዝር ጀመር፤ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና። ቁጥሩ ካሻቀበ ገጹ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ቀስ ብዬ ላስነሳቸው፣ በዓይናቸው ይዩት አልኩ። ምንይችል ብዬ ልጠራው አፌን ብከፍት እልል ሊወጣብኝ ሆነ፣ መልሼ ገጠምኩት። ነጠላዬን ነከስኩ። የሚያሰለች ነገር ላስብ ብዬ የባንቺአምላክን ምክር አሰብኩ፤ እሱም አልያዘ። ዘጠና ስምንት። መቶ ሁለት። ሰፌዱ ከጭኔ ተንሸራቶ ወደቀ፣ በርበሬው ምንጣፉ ላይ ተበተነ፣ ከአፌ ምን እንደወጣ አላውቅም። መቶ ስድስት ሲል ገጹ ተከደነ። ባዶዋ ተመለሰች፦ ውጤቱ ደርሷል፣ ቤቱ ሲረጋጋ ይገለጣል።

ሦስቱም ዘለው ተነሡ። አንድ ነው አልኳቸው። ተከፍቶ ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ አንድ ነው፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ባንቺአምላክ ሰሌዳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ልታምን የፈለገችውን ያህል አላመነችም። እማዬ ማንበብ አትችይም አለች፣ በእርጋታ። አንድ የገጹ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ የቀን ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀን ነው የቀረን፤ ሁለት ሆኖ አንቺን አምነን ብንቀመጥስ?

እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የቀኑን የትም ይጻፉት፣ ገጹንም የትም ይቁጠሩት፤ ያቺን ባዶ ስምንት ቀን ስጠብቃት የከረምኩ እኔ ነኝ። ቁጥሩ የቆመው እሷ ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ከሚዛን ላይ አንድንና ሁለትን ሳልለይ ቀርቼ ይኼ ሁሉ ሰው በሐቀኛ ኪሎ በርበሬ በላ?

ምንይችል በተበተነው በርበሬ ላይ ተንበርክኮ እስከ እኔ መጣና እጄን ያዘ። አምባሩን ገልብጦ አየው።

«መቶ አርባ አንድ ይላል» አለ። «ይኼ ፍርሃት ነው ደስታ፣ እምዬ?»

«እሱ አያውቅም፣ አትጠይቀው» አልኩት። «እኔን እየኝ።»

አየኝ። ፊቴን የሸፈነ ጨርቅ የለ፣ ድምፄን ያለሰለሰ ማሽን የለ። ግንባሬን አየ፣ አፌን አየ፣ ዓይኔ ላይ ቆየ። ያን ያህል ጊዜ ፊቴን ያየኝ ሰው ባሌ ከሞተ ወዲህ የለም። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። የሚያነበውን ያንብብ አልኩ።

ከዚያ አምባሩ ጮኸ፤ የኔ ሳይሆን የሱ። ያ ሃምሳ ስምንት ላይ ደርቆ የከረመው ሰባ አለ፣ ዘጠና አለ፣ መቶ አሥር አለ። ተነሥቶ ትንግርትን ከወገቧ አነሣት። እሷ ቁስልህ፣ ቁስልህ እያለች ትጮኻለች፣ አያወርዳትም። ባንቺአምላክ ለሌላ አንድ ደቂቃ ያህል አስተማሪ ሆና ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን ወረወረችና የምታውቀውን እልልታ ሁሉ አወጣችው፤ ከበር ማዶ ሶልያና ምክንያቱን ሳትጠይቅ ተቀበለቻት። የቤቱ ቁጥር መቶ ሃያን አለፈ፣ ሰሌዳው በሙሉ ቀላ።

ድምፁ መጣ፣ በአክብሮት እንደ ሁልጊዜው። በቤታችሁ ከፍተኛ ሁከት እየታየ ነው፣ ውጤታችሁ ተዘግቷል አለ። ለመረጋጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልገን ጠየቀ።

ባንቺአምላክ ልትመልስ ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ ልማዷ ነው። ምንይችል ቀደማት።

«ዛሬ አንረጋጋም» አለው።